ከበር ያልወጣው በር

እናትየዋ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ከጠዋት ጀምራ አፏ ውስጥ ስታላምጠው ነው የዋለችው። ልጇ ከብየዳ ቤት ዓይኗ ቀልቶ፣ እንባዋ እየወረደ መጥታ «አቧራ ገብቶብኝ ነው» ካለቻት ሦስት ቀኗ ነው። አቧራ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገችውን ልጅ ውሸት የማትለይ እናት የት አለች? ከእንግዲህ እዚያ ቤት ድርሽ አትልም። ዛሬ ደግሞ ሙያውን የምታስተምራት ያቺ ትከሻ ሰፊ በያጅ «ላነጋግራችሁ» ብላ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባትየው ጋዜጣው ውስጥ ተደብቋል።

«አቧራ አይደለም» አለች በያጇ፣ ሻዩን ገና ሳትቀምስ። «መነጽር ሳታደርግ ብልጭታውን አይታ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዞር ብዬ ነበር።»

ከእናቷ ወንበር ኋላ የቆመችው ልጅ ግድግዳው ውስጥ መግባት አማራት። እናትየዋ ግን ለሰበብ ተዘጋጅታ እውነት ሲመጣባት ግራ ገባት።

«ዓይን እኮ መለዋወጫ የለውም፣ እርስዎ!»

«የለውም። ለዚህ ነው ከብረት አርቄ መጥረጊያ ያስያዝኳት። አኩርፋኛለች።»

«እቤትም መጥረጊያ ስታይ ነው የምታኮርፈው!»

«እማዬ!»

«ዝም በይ! ይልቅ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህቺ ልጅ ይሆንላታል?»

በያጇ አሰብ አደረገች። «እጇ ጥሩ ነው፤ ችኩል ናት። ባለፈው ወር የግቢ በር አብረን ሠራን፤ እሷ ለካች፣ እኔ በየድኩ። አምሮ አለቀ። ልናወጣው ስንል፣ ብናቆመውም ብናጋድመውም ከወርክሾፑ በር በክንድ ያህል ይበልጣል።»

«እና?»

«እና በሩ ከበር አልወጣም አለ! ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ግድግዳውን አፍርሱ ይላል፤ አንዱ እዚያው ኑሩበት ይላል።»

ጋዜጣው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እኔ የታዘዝኩት የደንበኛውን ግቢ እንድለካ ነው» አለች ልጅቷ። «የራሳችንን በር ለኪ ማን አለኝ?»

«ማንም» አለች በያጇ። «ሃያ ዓመት የሠራሁ እኔም ትዝ አላለኝም። መፍትሔውን ግን እሷ አመጣችው፤ መሃል ለመሃል ቆርጠን ባለ ሁለት ተከፋች አደረግነው። ባለቤቱ ‹እንዴት ያለ ዘመናዊ ነገር ነው!› ብሎ መርቆን ሄደ።»

እናትየዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሁለት ጅሎች! አንቺስ ትልቅ ሰው አይደለሽም?» «እርስዎ»ውን መቼ እንደጣለችው እንጃ። እንባዋን ጠርጋ በያጇን አተኩራ አየቻት። የገዛ ቅሌቷን እንዲህ ዘርግታ የምታወራ ሴት የሰው ልጅ ዓይን ሲጎዳ አትደብቅም።

«ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት።»

«ነገ አሥራ ሁለት ተኩል እንደርሳለን። የምትሠራበትን ቦታ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ከዚያ እሷን ለአንቺ ትቼ እመለሳለሁ።»

ልጅቷ ከኋላ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ልቀቂኝ አንቺ፣ አነቅሽኝ!» አለች እናትየዋ፤ የልጇን እጅ ግን ከአንገቷ አላስለቀቀችም።