የጠርሙሱ መስመር

መስመሩን ያየሁት ልጄ ከሄደች በኋላ ነው።

ጠዋት መስኮቱ ላይ የነበረው ጠርሙስ ትንሽ ደብዘዝ ከማለቱ በቀር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነበር። ቤቱን ጠርጌ፣ የቁርሱን ዕቃ አጥቤ፣ የምሳውን ወጥ ጥጄ፣ መጋረጃውን ልሰበስብ ስጠጋ ግን ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ከላይ የጠራ ናፍጣ፣ ከታች አንድ ጣት የሚሆን ውሃ፣ በመሃላቸው በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር። ፀሐይ እላዩ ላይ አርፋበታለች።

ጠርሙሱ የባሌ ሥርዓት ነው። ናፍጣ ሲገኝ ገዝተን ጓሮ ባለው በርሜል እናስቀምጣለን። ማታ ከበርሜሉ ሥር ትንሽ ይቀዳና በጠርሙስ መስኮት ላይ ያድራል። ውሃ ካለበት፣ ውሃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት መስመር ይታያል። መስመር ካለ ከዚያ በርሜል አይቀዳም። ከሌለ መኪናው ይሞላል። ባሌ የጭነት መኪናውን ሲነዳ እንዲህ ነበር፤ እግሩ ተሰብሮ ቤት ሲውልና መሪውን ለልጃችን ሲያስረክብም ይህንኑ አብሮ አስረከባት።

ጠዋት ጠርሙሱን አንስታ ወደ አምፖሉ አስጠግታ አይታው ነበር።

«አባዬ፣ መስመር የለውም። ግን ደፍረስ ብሏል።»

«ብርዱ ነው» አላት ከአልጋው ሳይነሳ። «ሙቀት ሲያገኝ ይጠራል። ሙዪና ሂጂ።»

እኔ እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«እሺ እማዬ፣ የዛሬው አደጋ ምንድን ነው?» አለችኝ ጋቢናው ላይ እየወጣች።

«ቁልቁለቱ ነው። ድካም ይዞሽ እንዳትወርጂው። አናቱ ላይ ሻይ ቤቱ ጋ ቁሚ፣ ምሳሽን ብዪ፣ እረፊ።»

«ትናንትም ቁልቁለቱ ነበር እኮ! አንዳንዴ ዜና ቀይሪ እንጂ!»

«በሞቴ፣ ሳታርፊ እንዳትወርጂ።»

«እሺ፣ አርፋለሁ። አንቺም እረፊ። ማታ ደግሞ በሩን እንዳትቆልፊብኝ።»

«መቼ ቆልፌብሽ አውቃለሁ?»

ሲሚንቶ እንደ ጫነች ሄደች።

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ባሌ ሮጥኩ። አገላብጦ አየው።

«ሌሊቱን ሙሉ ያልተለየ አሁን ምን ለየው?» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀና ብሎ «በርሜሉን የነካው ሰው አለ?» አለኝ።

«አጥቤዋለሁ። ነዳጁ ያለቀ ጊዜ። ዝገቱ ገብቶ ሞተሩን ይዘጋባታል፣ መንገድ ላይ ያስቀራታል ብዬ።»

«በምን?»

«በምን ይታጠባል ታዲያ? በውሃና በፈሳሽ ሳሙና ነዋ።»

«ደርቆ ነበር? አዲሱ ናፍጣ ሲገባ?»

አልደረቀም ነበር።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳኝ ጀመር። ቅባት የነካው ሳህን በውሃ ብቻ ሲታጠብ ቅባቱ ተንሳፎ ይቀራል፤ ሳሙና ጠብ ሲልበት ግን ከውሃው ጋር ተደባልቆ ነጭ ይሆናል። ይህን እኔም በየቀኑ በእጄ የማየው ነገር ነው። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ሳሙና ውሃውን አድቅቆ ናፍጣው ውስጥ በትኖታል። ስለዚህ ነው በብርዱ ያልወረደው። የወረደው ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ነው።

«እየነዳች ሳለ ይናጣል» አለኝ። «እየተናጠ አይለይም። ቢያስነጥሰውም፣ ነጭ ጭስ ቢተፋም ይሄድላታል። ችግሩ ከቆመች ነው። ፀሐይ ላይ ካቆመችው ውሃው ከታንኩ ሥር ይተኛል። ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። ቱቦው ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ይነሳል፤ ጥቂት ይሄዳል፤ ከዚያ ውሃው ሲደርስ ቀጥ ይላል።»

«የት ላይ?» አልኩት። የት ላይ እንደሆነ ግን ገብቶኛል።

ስልኳ ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው፤ መንገድ ላይ ስትሆን ትዘጋዋለች። ደግሜ ደወልኩ። ባሌ ጠርሙሱን አጥብቆ ናጠው፤ እንደ ወተት ነጣ። መስኮቱ ላይ ፀሐዩ ጋ አስቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ያየው ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ስንት ጊዜ እንዳላት ላውቅ።»

አብሬው አየሁ። መጀመሪያ ሥሩ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ጥላው ጠራ። ሰው ምሳውን በልቶ እጁን ታጥቦ ሻይ የሚጠጣበት ያህል ቢሆን ነው፤ መስመሩ ተመልሶ መጣ።

«ሲጠፋባት ክላች ባትረግጥ ጥሩ ነው» አለ። «ማርሹ ይይዛታል። ክላች ረግጣ ላስነሳው ካለች ግን መኪናው ይለቀቅባታል። ፍሬኑም ሞተር ከሌለ ድንጋይ ነው፤ ቢረገጥ አይወርድም።»

«ይህን ታውቃለች?»

«ቁልቁለት ላይ ጠፍቶባት አያውቅም።»

ያኔ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ልጄ ሳታውቅ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ብዬ፣ የሴትዮዋን ቁጥር ከስልኳ ገልብጬ ነበር። ደወልኩ። ጠራ። ተነሳ።

«የሾፌሯ እናት ነኝ። ልጄ እዚያ ናት?»

«ውይ እትዬ! አሁን ወጣች እኮ። በልታ ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ ከዚያ ‹እናቴ በሞቴ ብላኛለች፣ ቶሎ ከሄድኩ ይታወቅብኛል› ብላ ተመልሳ ቁጭ አለች። ስታስቀን ነው የቆየችው።»

«ሩጪ! አስቁሚያት! ሩጪልኝ!»

የነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል ይሰማኛል። የልጄን ስም እየጠራች ጮኸች። ውሻ ጮኸ። ከዚያ ትንፋሿ ብቻ።

«ታጠፈች፣ እትዬ። አልሰማችኝም።»

መልሳ የደወለችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስልኩን ለባሌ ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። በመጨረሻ «ክላች ረግጣ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ ምን ብላ ትመልስለት? የገባችበት ገደል ከሻይ ቤቱ ብዙ ይርቃል፤ ያየችው ሲሚንቶው እንደ ጉም ሲነሳ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቀበርናት። ሰው ሁሉ ሲሄድ ሁለታችን ቤት ቀረን። ዕድሜዬን ሙሉ ያልፈራሁላት ነገር የለም፤ እንቅልፍ፣ ጎማ፣ ዝናብ፣ ሰካራም ሾፌር። ማረፏን ግን አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁም።

«በሩ ክፍት ነው» አለ ባሌ።

«አውቃለሁ።»

ትናንትም ክፍት ነበር ያደረው። ክራንቹን ሊያነሳ ሲጎነበስ «ተው፣ ተቀመጥ» አልኩትና ራሴ ተነሳሁ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ላይ ዘይት የጠጣው አፈር ጠቁሮ ይታያል። መንገዱን እስከ መታጠፊያው ድረስ አየሁት። ምንም አይመጣም።

በሩን ገፋሁት፤ ቁልፉንም አዞርኩት።