አበጋሩ ዝም ሲል

ካሊድ በዚያ በሚያጓራው ማሽን ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ እኔ ነቀምት ያለውን የምርመራ ቤት ኮሪደር ከጫፍ ጫፍ አረስኩት። ባሌ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ደግሞ አልፈጠረብኝም። የጽዳት ሠራተኛዋ «አዴ፣ ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው» ብትለኝ ልጣላት ምንም አልቀረኝም።

ሐኪሟ ሲና ልጅ እግር ናት። የአንጎሉን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ነጫጭ ነጠብጣቦቹን በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችን።

«የነርቮቹን ሽፋን የገዛ ሰውነቱ እየላጠው ነው፣ አዴ ሩክያ። ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ እንደሚሆነው ነው። መልእክቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል።»

«የመጣነው እኮ እግሩ ደንዝዞበት ነው!»

«እግሩም ሐሳቡም ከዚሁ ነው።» ወደ እሱ ዞረች። «ኦቦ ካሊድ፣ ሰው ሲያወራ ከመሃል ይጠፋብዎታል?»

«አንዳንዴ።»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሰው አስታርቃለሁ» አላት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መድኃኒት እንዳለው፣ ጨርሶ ባያድነውም እንዳይብስበት እንደሚያግዘው ስትነግረን እኔ ግማሹን አልሰማኋትም። ሐሳቤ ቅዳሜ ላይ ነበር።

እኛ አንገር ጉቲን የሰፈርን የወሎ ሰዎች አስታራቂውን አበጋር እንለዋለን። የካሊድ አባት የአበጋርነቱን ወንበር በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ከወሎ ይዘውት መጡ፤ ሲሞቱ ለልጃቸው ተረፈ። ወግ አለው። አበጋር ከመፍረዱ በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል፣ ያለ ወረቀት፣ ራሱ መልሶ ይናገራል። ካሊድ ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አፉን ከመክፈቱ በፊት ረዥም ዝም ይላል። ሽማግሌዎቹም «ነገሩን እያበሰለው ነው» ይላሉ። ቃላቸውን አጉድሎ ሲመልስ ደግሞ «ገለባውን አበጥሮ ጣለው!» ብለው ያደንቁታል። ዝምታውን ሊያዩ ከዲጋ ድረስ የመጡ አሉ። እኔ ግን ማታ ከጎኑ የምተኛው ነኝ፣ እኔን አታታልሉኝም።

«ቅዳሜ የአሻግሬና የዋቅወያ ጉዳይ አለ» አለኝ፣ ስንመለስ መኪና ውስጥ። አሻግሬ ከእኛው ከወሎዎቹ ነው፤ ዋቅወያ ኦሮሞ ጎረቤታችን። የዋቅወያ በሬ የአሻግሬን በቆሎ ጥሶ ገባ፤ አሻግሬም በሬውን በመጥረቢያ ጣለው። አሁን የሁለቱም ልጆች መንገድ ለመንገድ እየተጠባበቁ ነው። ፍርዱ ከተዛባ ደም መፍሰሱ አይቀርም።

«ታምሜያለሁ በላቸው» አልኩት።

«የአባቴ ወንበር እኔ ላይ ይሰበር?»

«ይሰበራ! ሰው ከሚሞት ወንበር ይሰበር!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ቅዳሜ እርቅ በሚካሄድበት ዋርካ ሥር ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ መቀመጥ ከተባለ። ዋቅወያ ተናገረ። አሻግሬም ተናገረ። ከዚያ ካሊድ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እያሻሹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይኑን አየሁት። ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ዓይን ነበር።

ብድግ አልኩ። «እያሰበ አይደለም! ጠፍቶበት ነው! ነቀምት ጭንቅላቱን ፎቶ አንስተውት አይተነዋል፤ ታሟል!»

«ኧረ ይቺን ሴት አስቀምጡልን!» አለ አሻግሬ።

ካሊድ እጁን አነሳ። «ተዋት፣ እውነቷን ነው። በሬው የማን እንደነበር እንኳ አሁን ጠፍቶብኛል።»

ሰው ተንጫጫ። ዋቅወያ ግን ቀስ ብሎ ተነሳ። «ኦቦሌሳ ኮ» አለው፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «አምና የታላቅ ወንድሜን የኦብሳን ማሳ ለአሻግሬ ስትፈርድም እንዲሁ ዝም ብለህ ነበር። ያን ቀንስ ልብህ ከእኛ ጋር ነበር?»

ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። የዋቅወያ ልጆች ዱላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ካሊድ ቢዋሽ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ እኔም በልቤ «አዎ በል፣ አዎ በል» እያልኩ ለመንኩት።

«አልነበረም» አለ። «ያን ቀን መጨረሻ የተናገረው አሻግሬ ነው። እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ብቻ ነው።»

ከዚያ ከአባቱ ወንበር ተነሳ። እግሩን እየጎተተ ሄደና ተከሳሽ በሚቀመጥበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የበሬውንም የማሳውንም ነገር ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይስማ። የኦብሳ በዳይ እኔ ነኝ፤ ጠይቁኝ።»

አሻግሬ አቀረቀረ። ዋቅወያ ልጆቹን በእጁ ወደ ኋላ መለሳቸውና ካሊድ ፊት መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ማሳውን እንጠይቃለን» አለው። «ከአንተ ግን አይደለም። አንተ የምታስታውሰውን ብቻ ንገረን።»

ካሊድ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። አንዱ ከኋላ «ቶሎ በላ!» ብሎ ጮኸ።

ዋቅወያ ዞሮ በዓይኑ ገሠጸው። ከዚያ የካሊድን ጉልበት ያዘ። «ሱታ፣ ቀስ በል» አለው። «ቀስ ብለህ ተናገር። እንጠብቅሃለን።»