ራሱን የሚችል ባሕር

ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሲሠሩ አንድ ነገር ተምረዋል፤ «ይሄኛው ራሱን ይችላል፣ አታስቡ» የተባለ በሽተኛ ሁሉ ወይ ከአልጋ ይወድቃል፣ ወይ ጉሉኮሱን ነቅሎ ኮሪደር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ምራታቸው አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሳሎኑን ጠረጴዛ እየወለወለች «እማዬ፣ እዚህ ጋ ትንሽዬ የባሕር አኳሪየም ልናስገባ ነው፤ ምንም ሥራ የለውም፣ ራሱን ይችላል» ስትላቸው ጆሯቸው ቆመ።

«ራሱን ይችላል?»

«አዎ።»

«ራሱን ከቻለ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ለምን አይቀመጥም?»

ምራታቸው ሳቀች። ሲስተር አልሳቁም።

የማይስቁበት ምክንያት ነበራቸው። ልጃቸው ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ስምንት ወር እዚሁ ቤት ተኝቶ፣ በአንድ ጎን እናቱ፣ በሌላ ጎን ሚስቱ እያገላበጡት ነው የሞተው። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ሁሉ ምራትየዋ ሻንጣዋን እስክታወጣ ሲጠብቅ፣ እሷ ሻንጣውን ገፋ አድርጋ አልጋ ሥር ከተተችው፤ በነጋታው ባዮሎጂ ልታስተምር ወጣች፣ ማታ ተመለሰች። በቃ። ለምን አልሄድሽም ብሎ የጠየቃት የለም። ሲስተርም አልጠየቁም፤ ጠይቀው መልስ ብታጣስ? ልጅ አልወለደችላቸው፣ ደም አያገናኛቸው፤ የሚያገናኛቸው ሰው አፈር ውስጥ ነው። ወጣት ናት፣ መልክ አላት፣ ሙያ አላት። አንድ ቀን እንደምትሄድ ሲስተር ያውቁታል። የማያውቁት ቀኑን ብቻ ነው።

እና አሁን ደግሞ ሥራ የሌለው ባሕር! ሰው በቤቱ ሥራ የሚቀንሰው ምን ሲያስብ ነው?

አኳሪየሙን ያመጣው ሰውዬ የዓሣ ሱቅ ያለው፣ ሽቅርቅር፣ ሲሄድ ቁልፉን የሚያንቃጭል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ባልዲ ጨው ተሸክሞ ስለገባ ሲስተር በልባቸው «ጨው ነጋዴው» ብለው ስም አወጡለት። መስተዋቱ አንድ ክንድ ተኩል ይረዝማል። ጨው ነጋዴው ታች ነጭ አሸዋ ደለደለበት፤ ከዚያ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ድንጋዮችን እንደ ሕፃን እያቀፈ አወጣ።

«ማዘር፣ ይሄ ሕይወት ያለው ድንጋይ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ቀዳዳው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ። ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ጥሩ ድንጋይ ካለዎት ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።»

የማይታይ ነገር ቆሻሻ ይበላልሃል ብሎ የሚሸጥ ሰው፣ ለሲስተር በዕድሜያቸው ይሄ የመጀመሪያው ነው። የሚገባውን ሁሉ ግን አንድ በአንድ ተከታተሉ። ውሃውን የሚያማስል ፓምፕ ገባ። ማሞቂያ ገባ። በሰዓቱ በርቶ በሰዓቱ የሚጠፋ መብራት ተሰቀለ። ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራልና፣ የጎደለውን ጨው በሌለው ንጹህ ውሃ እየሞላ የሚተካ ማሰሮ የሚያህል ነገር ጎኑ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ በቀን አንዴ ቁንጥር ምግብ የምታራግፍ ጥቁር ሣጥን ክዳኑ ላይ ተጣበቀች።

ሲስተር ቆጠሩ። የሚያበራ ማሽን፣ የሚያጠጣ ማሽን፣ የሚያበላ ማሽን። የቀረው «ደህና እደሩ፣ እማዬ» የሚል ማሽን ብቻ ነው።

ጉዱ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሆኖ ዓሣ የለም! ውሃው «መብሰል አለበት» ተባለ፤ ድንጋዩ ላይ ያሉት የማይታዩት ነፍሳት እስኪበዙ ድረስ። አምስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ሲማሰል፣ ሲሞቅ፣ ሲበራለት ከረመ። ምራታቸው በሦስት ቀን አንዴ ውሃ በብልቃጥ ትቀዳለች፣ ጠብታ ትጨምራለች፣ ቀለሙን ከወረቀት ጋር ታስተያያለች፣ ከዚያ መስተዋቱ ጎን በተለጠፈ፣ ቀናት በተደረደሩበት የወረቀት ገበታ ላይ ትጽፋለች። እዚህ ላይ እንኳ ሲስተር አልተቃወሙም፤ ገበታ ያከብራሉ። ችግሩ ገበታው ግርጌ ያለው ነገር ነበር። ገና ሁለት ወር የሚቀረው አንድ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኧረ ምንም አይደለም፣ እማዬ።»

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ያለው ሰው ሞኝ አልነበረም። ምንም ያልሆነ ነገር ማን በቀይ ይከባል?

ዓሣዎቹ የገቡ ቀን ነገሩ ለየለት። ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች፣ ሦስት ቀንድ አውጣዎች፣ ጥፍር የምታክል ሸርጣን፣ እንደ እንጉዳይ የተዘረጉና እንደ ጓንት ጣት የሚወዛወዙ፣ ኮራል የሚባሉ ለስላሳ የባሕር ፍጥረታት መጡ። ማማራቸውን ማን ይክዳል? ሲስተር ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ግማሽ ሰዓት ቆመው አዩ። ከዚያ ወጥ ሊያማስሉ ወጥ ቤት እንደገቡ፣ ጨው ነጋዴው በራፉ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰሙት።

«ለእሳቸው ነግረሻቸዋል?»

«ገና ነኝ» አለች ምራታቸው። «መጀመሪያ ይሄ ነገር ያለ እኔ መኖር መቻሉን ልይ።»

ሲስተር የድስቱን ክዳን እንደያዙ በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ። ያለ እኔ! በቃ፣ ይሄው መጣ። ከጨው ነጋዴው ጋር ልትሄድ ነው። እሳቸውን ለዓሣ፣ ዓሣውን ለማሽን ትታ፣ በቀይ በተከበበው ቀን ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ልትጎትት ነው።

ሦስት ቀን ምግብ አልወረደላቸውም። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ራሱን የቻለ ነገር ማንንም አያስርም። ራሱን ያልቻለ ነገር ግን፣ እሳቸው ያውቁታል፣ ሰውን አልጋው አጠገብ ስምንት ወር ያስቀምጣል።

ጠዋት ምራታቸው ለሥራ እንደወጣች የምግቡን ዕቃ ከፈቱ። የሻይ ማንኪያ ሩብ። ልክ ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ መጠን ሲለኩ ነው የኖሩት። ዓሣዎቹ ተሻሙ፣ የተረፈው ድንጋዩ ውስጥ ገባ። በማግሥቱም እንዲሁ። በበነጋታውም። ደግሞስ ምን አጠፉ? የራበውን ማብላት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?

በሁለተኛው ሳምንት ናይትሬት የሚሉት የውሃ ቆሻሻ በገበታው ላይ እንደ ትኩሳት ወጣ። አሸዋው ላይ ቡኒ ነገር ተነጠፈ፤ መስተዋቱን አረንጓዴ ዝልግልግ ሸፈነው፤ ጓንት የሚመስሉት ኮራሎች ጣታቸውን ጨበጡ። ምራታቸው ግራ ገባት። መብራቱ በዝቶ ነው ብላ ሰዓቱን ቀነሰች። ጨዉ ነው ብላ ሌላ ጨው አስመጣች። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ ትፈትጋለች፣ ሲስተር የጎማውን ጫፍ ባልዲው ውስጥ ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ጎማው አምልጧቸው ሁለቱንም ከራስ እስከ እግር አራሳቸው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ አብረው የሳቁት ልጁ ከመታመሙ በፊት ነበር። ሲስተር ያን ቀን «እሰይ! ደግ አደረግሁ» ብለው ተኙ።

ጥፋቱን ግን አንድ ሰው መሸከም ነበረበት። ምራታቸው ትልቁን ዓሣ «ሆዳም ነው፣ እሱ ነው የሚያቆሽሸው» ብላ አጥምዳ ለሱቁ መለሰችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ሲስተር ግማሽ ቀን አፈሩ። በማግሥቱ ማንኪያዋን አነሱ።

ጨው ነጋዴው ሊያይ መጣ። ውሃውን አሸተተ፣ ጣቱን አሸዋው ውስጥ ከቶ አውጥቶ አሸተተ።

«ሰው ምግብ እየጨመረ ነው» አለ።

«ማን ይጨምራል? ያለነው እኔና እማዬ ነን» አለች ምራታቸው።

ሰውዬው ሲስተርን አያቸው። ሲስተርም ከበሽተኛ መጠየቂያ ሰዓት ውጭ እንደመጣ ሰው አዩት።

«እኔም ቤት እንዲህ ሆኖ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ባለቤቴ ነበረች በድብቅ የምታበላቸው። አንጀቷ አልችል ብሎ።»

ባለቤቴ! ሲስተር በአንድ ልባቸው እፎይ አሉ፣ በሌላው ባሰባቸው። ከእሱ ጋር ካልሆነ ታዲያ ከማን ጋር ነው? ይሄኔ የማያውቁት ሰው ነዋ!

«እማዬ?» ምራታቸው ደግሞ ሰውዬው እንደ ሰደባቸው ሁሉ ተቆጣች። «እሳቸው እኮ መድኃኒት በጠብታ ቆጥረው የሚሰጡ ሰው ናቸው። እማዬ ልክ አይስቱም።»

ሲስተር ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ የሚሠራ ነገር ግን አልነበረም።

በቀይ የተከበበው ቀን ረቡዕ ላይ ዋለ። ምራታቸው ከትምህርት ቤት ከወትሮው ቀድማ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ አኳሪየሙ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትልቁ ኮራል የዚያን ጠዋት ተሸብልሎ ሞቶ ነበር፤ ሸርጣኗ እየጎተተችው ነው።

«እማዬ፣ ይምጡ እስቲ። አንድ ነገር ደብቄዎት ነበር።»

ሲስተር ተቀመጡ።

«ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ የምርምር ጣቢያ አለ። የተሰበረ ኮራል ቆርጠው እንደ ችግኝ መልሰው የሚያበቅሉበት። በዓመት ሁለት መምህር ይወስዳሉ፣ ለአንድ ዓመት። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ በሦስተኛው ተቀበሉኝ። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እሺ ወይ እምቢ ማለት አለብኝ።»

«ሰውስ?» አሉ ሲስተር።

«የምን ሰው?»

«ዝም ብዬ ነው። ቀጥዪ።»

«እምቢ ልላቸው ነው። ብቻዎን ከሚሆኑ ይሄ አብሮዎት ይዋል፣ ዓይንዎ የሚያርፍበት ነገር ይኑር ብዬ ነበር ያስገባሁት። ሳያደክምዎት። ስድስት ሳምንት ያለ እኔ እጅ ከቆመ፣ ልቤን ጥዬ እሄዳለሁ አልኩ። ግን ይኸው እያዩት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ እየሞተ ያለ ነገር ትቼልዎት አልሄድም፣ እማዬ። ያንን አንዴ አይተነዋል፤ ይበቃል።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይቅር። ሌላ ጊዜ ይኖራል።»

ሲስተር ደስ አላቸው። ምን ይደበቃል፣ ደስ አላቸው፤ ልባቸው ዘለለ። አትሄድም! ሰውም የለም፣ ሻንጣም አይወጣም። አፋቸውን ዘግተው ቢቀመጡ ሁሉም ነገር እንዳለ ይቀጥላል።

ከዚያ የልጅቷን እጅ አዩ። ጨዉ ጣቶቿን ሰነጣጥቆታል፤ የጥርስ ብሩሹን የያዘችበት አውራ ጣቷ ላይ ቆዳው ተልጧል። ሲስተር ቁስል ሲያዩ የማን ጥፋት እንደሆነ ወዲያው ነው የሚያውቁት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ምግቡን። በየጠዋቱ፣ ሩብ ማንኪያ። አንቺ እንደወጣሽ።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ፊቷ ሲለወጥ ሲስተር ቁጭ ብለው አዩት።

«አምስት ሳምንት ሙሉ? ዓሣውን የመለስኩት? ይሄ የሞተው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ።» አሉ ሲስተር። «ያለ እኔ ስትይ ሰማሁሽ። ሰው ያገኘሽ መሰለኝ። ፈራሁ። ልጄን ቀበርኩ፤ አንቺን ደግሞ በቁምሽ ላጣሽ ነው ብዬ ፈራሁ። ባሕሩ ደህና ነው፣ ልጄ። እጄን ካነሳሁ በሁለት ሳምንት ይጠራል። ተነሺ፣ እሺ በያቸው።»

ምራታቸው ተነሳች። ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ለረጅም ጊዜ ጻፈች።

«ላክሁት» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«እሺ ብዬ።»

ሲስተር የሚሞቱ መስሏቸው ነበር። አልሞቱም። ከአፋቸው የወጣው አምስት ዓመት ሙሉ ሊጠይቁት ያልደፈሩት ነገር ነበር።

«ትመለሻለሽ?»

ልጅቷ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሲስተር እንዲህ ተቆጥታ አይተዋት አያውቁም።

«በጣም ነው የተናደድኩብዎት! ነገም እናደዳለሁ፣ ከነገ ወዲያም እናደዳለሁ! የኔ ሳይሆኑ የሰው እናት ቢሆኑ ኖሮ ግድ የለም፣ ምንም አይደለም ብዬ፣ ጉልበት ስሜ ዝም ብዬ እሄድ ነበር። እኔ ግን ተመልሼ መጥቼም እናደድብዎታለሁ!»

ይህን ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። በዚህ ቤት በር እንዲህ ይዘጋ የነበረ ሟቹ ልጃቸው ብቻ ነው፣ ያውም ጎረምሳ ሳለ። ሲስተር አኳሪየሙ ፊት እንደተቀመጡ፣ እንባቸውን በሁለት እጃቸው እየጠረጉ፣ እግዜር ያውቃል፣ ደስ አላቸው።