የጉራማይሌ ጾም

ሐኪሙ ዓለምነው የድመቷን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ ሲያደርግ እማማ እቴነሽ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። በሩ ላይ ሁለት ገበሬዎች የሚያነክስ በሬ ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

"ለድመትም ሐኪም አለ እንዴ? እኛ ለሰውም ባገኘን!" ብሎ አንደኛው ከት ብሎ ሳቀ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ድመት አቅፎ እንስሳት ክሊኒክ የሚመላለስ ከእሳቸው ሌላ ሰው ስለሌለ እማማ እቴነሽ ሳቁን ለምደውታል።

ልጆቻቸው አግብተው ከወጡ፣ ባላቸው አቶ ሞገስም ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረችላቸው ይህች ድመት፣ ጉራማይሌ ብቻ ናት። እሷም አርጅታለች። ሐኪሙ በየጊዜው ይመዝናታል፣ ድዷን ያያል፣ ሆዷን ይዳስሳል። ዛሬ ክብደቷ በጣም ቀንሶ ሚዛኑ የተበላሸ መስሎት አንስቶ እንደገና አስቀመጣት።

"እማማ፣ ምን ያበሏታል?"

"እኔ የምበላውን።"

"እርስዎስ ምን ይበላሉ?"

"በሁዳዴ ምን ይበላል ልጄ? ሽሮ ነዋ! በርበሬውን እቀንስላታለሁ።"

"ጨውስ?"

"ሽሮ ያለ ጨው ምን ይጥማል?"

ዓለምነው ጓንቱን አወለቀ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል።

"ድመት አይጾምም እማማ። ኩላሊቷ እየደከመ መሆኑን ባለፈው ነግሬዎታለሁ። አፏም ቆስሏል። አሁን ደግሞ በረሃብ አልቃለች።"

"ጾሙ ሲፈታ ሥጋውንም ወተቱንም..."

"ለፋሲካ አትደርስም።"

እንዲህ ያለ ነገር በዚህ አጭር ቃል ይነገራል? እማማ እቴነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሁዳዴ ከገባ ጥሉላት ቤታቸው ዝር ብሎ አያውቅም። ያችን ምስኪን ግን በገዛ እጃቸው ሲያስርቧት ከርመዋል፤ ያውም ጽድቅ መስሏቸው።

"መዳኛ የላትም?"

"የላትም። ከፈለጉ በመርፌ ላሳርፋት እችላለሁ። ካልሆነ የተቀቀለ እንቁላል ያለ ጨው አላልተው ይስጧት። ቢያንስ ጠግባ ትሙት።"

"መርፌውስ ይቅር" አሉና በነጠላቸው ጠቅልለው አቀፏት።

በመንገዳቸው ገበያ ጎራ አሉ። እንቁላል ሻጯ፣ "ለልጅ ነው?" ስትላቸው፣ "አዎ" ብለው ዋሹ። ቤት ሲደርሱ ለፋሲካ አጥበው ያስቀመጡትን የፍስክ ድስት አውጥተው እንቁላሉን ቀቀሉ፤ በመዳፋቸውም ፈርፍረው አቀረቡላት። ጉራማይሌ አሸተተች፣ በምላሷ ነካ አደረገችና አፏ ሲቆጠቁጣት ፊቷን መለሰች። ለብ ባለ ውኃ አራሱት። አሁንም እምቢ አለች።

በሩ ተንኳኳ። በየቀኑ አብራቸው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ጎረቤታቸው ደሳለች ናት።

"እትዬ! ቅዳሴው ሊገባ ነው፣ አይነሡም እንዴ?"

እማማ እቴነሽ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳን አልቀመሱም። መዳፋቸው ላይ ያለውን እንቁላል አዩት። ልጆቻቸውን ጡት ሲያስጥሉ እህሉን አላምጠው ነበር የሚያጎርሷቸው። አማተቡና እንቁላሉን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ቀስ ብለው አላመጡት፤ እንደ አጥሚት ሲልም በጣታቸው ጫፍ ለድመቷ አቀረቡላት። ጉራማይሌ ዓይኗን ጨፍና ላሰችው።

"እትዬ? አመመዎት እንዴ?"

አሞኛል ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ደህና ነኝ ደሳለች። አንቺ ሂጂ፤ እኔ በልቻለሁ።"