ከባሕር ማዶ የመለሰው ድምፅ

ያለፈውም የሚመጣውም በፊቱ እንደ አንድ ዛሬ የሆነለት፣ ከዕውቀቱ የሚሰወር የሌለው አምላክ ስሙ ይባረክ። ይህ ነገር የሆነው እርሱ በፈቀደው ዘመን፣ የስፌት መኪና በሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው።

ጠጋኙ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሙያውን የወረሰችው ልጁ ከእናቷ ጋር ሱቁን ይዛለች። አባቷ በሕይወት ሳለ ጥገና ያስተማረባቸውን አርባ የድምፅ ቅጂዎች በድረ ገጻቸው ላይ አኑራለች፤ አንዱንም አላረመችም። ሳሉ፣ የመፍቻው ኳኳታ፣ «ነይ እስቲ አንቺ ቀበጥ፣ መብራቱን አቅርቢልኝ» ማለቱ ሳይቀር እንዳለ ነው። ያንን የሰሙ ሰዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር መለዋወጫ ያዝዟት ነበር፤ ቤቱም የቆመው በዚያ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ትእዛዙ እንደ በጋ ምንጭ ነጠፈ።

አንድ ረፋድ ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ልብስ ሰፊ እየሣቀ ገባ።

«አባትሽ እንዴት ያሉ ተጫዋች ናቸው! ትናንት ስደውል ‹አንቺ ቀበጥ› አሉኝ እኮ። እኔን፣ ባለ ጢሙን!»

«አባቴ ሞቷል» አለችው።

የሰውየው ሣቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ስልኩን ከፍቶ የደወለበትን ድረ ገጽ አሳያት። ሁሉም የእነርሱ ነው፤ የሱቁ ፎቶግራፍ፣ የተሰነጠቀው መስኮት፣ እርሷ ተሳስታ የጻፈቻቸው ፊደላት እንኳ። የስልክ ቁጥሩ ብቻ የባዕድ አገር ነው። ደወለች። በመጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ የአባቷ ሳል። ከዚያም «ምን ልታዘዝ?» አላት። ስልኩን ዘጋችው።

በዚያ አገር ያለ መለዋወጫ ሻጭ ገጹን ዘርፎ፣ ድምፁንም ከቅጂዎቹ ለቅሞ፣ ለጠየቀ ሁሉ የሚመልስ መሣሪያ እንዳበጀበት ደረሰችበት። የሌባውን ድረ ገጽ ለሚያስተናግደው ኩባንያ አቤት ብትል፣ «የሟች ሚስት ትፈርም፤ በማግሥቱ እንዘጋዋለን» የሚል መልስ መጣላት። የሚፈረመውን ወረቀት ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

እናቷ ብዕሩን አልተቀበለችም።

«ተይው፤ አትዝጊው።»

«እማዬ! ሌቦች እኮ ናቸው! ሱቁ ሊዘጋ ነው!»

«አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እደውልለታለሁ።» ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ትናንት ‹ወንበሬን ለማን ሰጣችሁት?› አለኝ።»

ልጅቱ ዞር ብላ ግድግዳው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ወንበሩን የሰጡት ባለፈው ሳምንት ነበር።

«አንቺ ነግረሽው ይሆናል።»

«እንጃ። አላስታውስም።»

«እንግዲያው እንደ ደንበኛ ጠይቂው። ሰዉን ምን እንደሚለው ስሚ።»

እናቲቱ ደወለች። ድምፁ ጓዳውን ሞላው።

«መኪናዬ ተሰብራለች። መቼ ትደርስልኛለች?»

ሳለ። «ሐሙስ ትደርሳለች። ያለ ጥርጥር።»

«ያለ ጥርጥር?»

«ያለ ጥርጥር፣ አንቺ ቀበጥ።»

እናቲቱ ስልኩን እንደ ፍም ከእጇ ጣል አደረገችው።

«አርባ ዓመት አብሬው ስኖር፣ ‹እግዚአብሔር ቢፈቅድ› ሳይል ነገን በአፉ ጠርቶ አያውቅም።»

«በቅጂዎቹም ላይ በየመሐሉ ይለዋል» አለች ልጅቱ በዝግታ። «ቆርጠው ጥለውታል። ገበያ አያመጣላቸውም።»

«ድምፁን ወሰዱ፤ አምላኩን ነጠቁት። በይ ብዕሩን አምጪ።»

መፈረም ስትጀምር፣ መስመሩ አልተቋረጠም ነበርና፣ ከጠረጴዛው ላይ ያው ድምፅ ተሰማ።

«አለሽ? ወዴት ሄድሽ? አለሽ ወይ?»

እጇ ለአንዲት ቅጽበት ቆመ። ከዚያ የስሟን የመጨረሻ ፊደል ጨረሰች።

በማግሥቱ ያ ቁጥር ለማንም አልመለሰም። እናቲቱም ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ያላለቀሰችውን ልቅሶ በዚያች ቀን አለቀሰች፤ ልጇም አቅፋት ዋለች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቤታችሁን በወዳጅ ድምፅ ከሚገባ ሌባ ይጠብቅላችሁ፤ ያሉላችሁን ከነምርቃታቸው ያቆይላችሁ፤ ያረፉባችሁንም በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያኑርላችሁ። አሜን።