የኮቸሬ በረዶ

"አንቺ ሴትዮ! ከቡናዬ ሥር ውጪ!"

ሙሉእመቤት አልወጣችም። በሆዷ ተኝታለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ሁለት ክርኗን እርጥብ ቅጠል ውስጥ ቀብራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላውን ካሜራው ላይ ለጥፋለች። ከፊቷ አንድ የቡና ቅርንጫፍ አበባው ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ነፋሱ ቀጥ እስኪል ትንፋሿን ውጣ ስትጠብቅ ቆይታ ልትጫን ስትል ጩኸቱ መጣ፤ ደንግጣ ያነሳችው የራሷን ጣት ሆነ።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ነፋሱ ሊቆምልኝ ነው።"

"ነፋሱ የኔ አይደለም። ቡናው ግን የኔ ነው። ውጪ!"

እየዳኸች ወጣች። ገጀራቸውን ብብታቸው ውስጥ የሸጎጡ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። አባባ ቶሌራ ይባላሉ፤ ኮቸሬ ውስጥ፣ ከጨለለቅቱ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ይሄ ተዳፋት፣ ቡናውም እንሰቱም የጥላ ዛፉም፣ የእርሳቸው ነው። ከኋላቸው ሚስታቸው እማማ ሎሚ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ይስቃሉ።

"ከግብርና ነሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"አይደለሁም።"

"ማሳ ለማሳ እየዞሩ በስልክ ከሚለኩት ነሽ?"

"እሱንም አይደለሁም አባባ። ከዲላ ነው የመጣሁት፤ ከቤተ ክርስቲያን።"

"ቤተ ክርስቲያን በሆዷ ስትሳብ ዛሬ ገና አየሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉእመቤት ዲላ ገበያ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ምላሷ ግን አልቆመም። የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያሳትማል፤ ከላይ ሥዕል፣ ከታች ጥቅስ። የዘንድሮው ላይ የወጣው በረዶ የለበሰ የባዕድ አገር ተራራ ነው። ይሄ ተራራ በየሳሎኑ፣ በየጸጉር ቤቱ፣ በየሻይ ቤቱ ተሰቀለ፤ በእሷም መደብ ላይ፣ ከሹራቦቹ ጎን። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ማታ ስታየው ከረመችና፣ ስለ መጪው ዓመት እትም ስብሰባ ሲጠራ እጇን አወጣች።

"ይሄ ተራራ የማን ነው? ደጃችን ላይ ቡና ሲያብብ ዓይን አይጠግበውም፤ እናንተ በረዶ ሰቀላችሁብን። እኔ እሱን እያየሁ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቤ ነው የምሸጠው!"

ጉባኤው ሳቀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራው፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያላቸው ሰው፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

"እኅት ሙሉእመቤት፣ በረዶውን ከኢንተርኔት ላይ በነጻ ነው ያወረድነው። የጌዴኦን ቡና አሳምሮ ያነሳ ካለ እሱን እናትማለን። አንቺ ታነሺዋለሽ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል።

"አነሳዋለሁ!"

"አበባው ሳይረግፍ ነዋ" አሉ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው። "ካልሆነም አትጨነቂ። በረዶዋ አለችልን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዘምራኑ ሳይቀሩ "እትዬ በረዶ" ይሏት ጀመር። ፎቶውን ካላመጣች እንግዲህ ስሙም ተራራውም ሌላ ዓመት ሊጸኑባት ነው።

ካሜራው የአማቿ ነበር። ሐዋሳ ሠርግ የሚያነሳበትን አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ላከላት፤ ፍላሹ የተሰበረ፣ ባትሪው ቶሎ የሚደክም። ልጇ ቤቴል በስልክ አስተማረቻት።

"እማዬ፣ ከላይ ያለውን መዘውር አረንጓዴው ላይ አድርጊና ተጫኚ። ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል።"

"ሁሉንም ራሱ የሚሠራ ከሆነ ራሱ ሄዶ ያንሳ!"

ቢሆንም ሞከረችው። ጓሮዋ ካሉት ቡናዎች አንዱን አነሳች፤ አበባው የታጠበ አንሶላ መሰለ። ነጭ ብቻ፤ ዳር የለው፣ መሐል የለው።

"ካሜራው ጥላውን አይቶ ጨለመብኝ ብሎ ነው" አለች ቤቴል። "ያኔ ብርሃን ይጨምራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘሽ ወደ መቀነሱ አዙሪ።"

ይሄ ገባት። ደንበኛ ቀኑን ሙሉ "ቀንሺ፣ ቀንሺ" ሲላት ይውላል፤ አንድም ቀን ቀንሳ አታውቅም። አሁን በተራዋ ካሜራውን "ቀንስ!" አለችው። ቀነሰ። አበባው አበባ ሆነ።

ደስታዋ ነፋስ እስኪነሳ ነበር። ነፋስ ሲነካው አበባው እንደ ፈሰሰ ወተት ይዝረከረካል። የካሜራውን ፍጥነት ስትጨምር አበባው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሥዕሉ ግን ይመሻል። ምሽቱን ለመግፈፍ ብርሃን የሚያጎላውን፣ አይኤስኦ የሚሉትን ቁጥር ስትሰቅለው ደግሞ ሁሉም ነገር ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

"ሦስት ፍየል ናቸው" አለች ለጎረቤቷ ለባለሱቋ ለሐያት። "አንዷን ስጎትት ሁለቱ ገመዱን እግሬ ላይ ይጠመጥሙታል።"

"ፍየል እንኳ ትታለባለች" አለች ሐያት።

አንድ ቀን ካፊያ ሲጀምር ካሜራው እንዳይረጥብባት ሰፊ የእንሰት ቅጠል ጎንበስ አድርጋ ከሥሩ ገባች። ያነሳችው ሁሉ አረንጓዴ ወጣ። ካሜራው ታመመ ብላ፣ ፀሐይና ደመና አምፖልም የተሣሉበትን ምርጫ ስትቀያይር ዋለች። አበባው ሰማያዊ ሆነ። ቀጥሎ የብርቱካን ለስላሳ መሰለ። ነጭ መሆን ብቻ እምቢ አለ። ከሰዓት በኋላ ሐያት አጥሩ ላይ ተደግፋ ትንሽ አየቻትና፣

"ሙሉዬ፣ አንቺ ራስሽ እኮ አረንጓዴ ነሽ" አለቻት። "እስቲ ከቅጠሉ ሥር ውጪ።"

ወጣች። አበባው ነጭ ሆነ። ሙሉእመቤት ግን ጥፋቱ የካሜራው ነው ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም።

እሷ እንዲህ ስትማር የዲላ አበባ ረገፈ። ደጋው ላይ ግን ዘግይቶ ያብባል። ኮሚቴው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሊሰበሰብ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማለዳ በአባዱላ ሚኒባስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ጨለለቅቱ ገባች። የመጨረሻው አበባ ያለበትን ተዳፋት ጠይቃ፣ ማንም ሳያያት የአባባ ቶሌራ ቡና ሥር ተኛች።

ሽማግሌው የቀን መቁጠሪያውን ወሬ ሰምተው ሲጨርሱ ገጀራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ያችን በረዶ ነው ከግድግዳ የምታስወርጂው? እኔም ቤት አለች። ቡናው ማበብ ሲጀምር ገልብጬ ሰቀልኳት። በረዶ አበባ ላይ ሲወርድ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ግድግዳዬ ላይ ምን ይሠራል? ለሱ ከሆነ አንሺ።"

"ጌታ ይባርክዎ አባባ!"

"ግን ያለ እኔ አይነሳም።"

"እንዴት?"

"ቡና ብቻውን ፎቶ ከተነሳ ባለቤት የለውም ማለት ነው። አገር ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሊያየው ነው፤ ነገ አንዱ ተነስቶ 'የኔ ነው' ቢልስ? ፎቶ ምስክር ነው። እቆማለሁ።"

"ኮሚቴው እኮ አበባውን ብቻ ነው የሚፈልገው።"

"ኮሚቴው ቡና አለው?"

"እሺ፣ አነሳዎታለሁ" አለች። ሽማግሌው ሊለብሱ ገቡ፤ ቆዩ። ሙሉእመቤት በየቅርንጫፉ ዞረች። አንዳንዱ አበባ ጫፉ ቡናማ መሆን ጀምሯል፤ ከማዶ ደግሞ ደመና እየተሰበሰበ ነው።

ሲወጡ ባርኔጣ ደፍተው፣ ግራጫ ኮት ለብሰው ነው። ሙሉእመቤት ኮቱን ስታይ አወቀችው። የግራ እጅጌውን ጫፍ የሰፋችው በራሷ እጅ ነው።

"ኮቱ ያምራል። ከየት ገዙት?"

"ከዲላ። አንዲት ግትር ሴትዮ ናት የሸጠችልኝ። ብለምናት፣ ሰው ባስለምናት፣ አልቀንስም አለች። ሻሽ እስከ ቅንድቧ አስራ ስለነበር መልኳን ልብ አላልኩትም እንጂ፣ ዛሬ ባገኛት..."

"ይቁሙልኝ አባባ፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው!" አለች ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ።

አነሳች። በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ስታየው ልቧ ዘለለ። አበባው አንድ በአንድ ተለይቶ ወጥቷል፤ አንዲት ንብ ሳትቀር ቁጭ ብላለች። ሽማግሌው ግን የቆሙት ጥላው ውስጥ ነበርና፣ ከባርኔጣው በታች ከኮቱ በላይ ያለው ጨለማ ብቻ ነው።

"ባርኔጣዬ አለ። ኮቴም አለ" አሉ አንገታቸውን አስግገው። "እኔ የት ሄድኩ?"

ወደ መደመሩ አዞረችው። ፊታቸው ብቅ አለ፤ ሽብሽባቱም፣ የጎደለችው ጥርስም፣ ሁሉም። አሁን ደግሞ አበባው ጠፋ። ከራሳቸው በላይ ያለው ሁሉ ድፍን ነጭ ሆነ፤ ቁርጥ ያንን ተራራ።

"ጌታ ሆይ፣ በረዶ!" አለች ሙሉእመቤት።

መሐል ላይ አደረገችው፤ ሰውዬውም ግማሽ፣ አበባውም ግማሽ ሆነ። ባርኔጣውን አስወለቀቻቸው፤ ምንም ለውጥ የለም። ፀሐይ ወዳለበት አዞረቻቸው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይግለጡ አባባ።"

"ፀሐይዋን ቀንሺያ! ያ ነገር ይቀንሳል አላልሽም?"

እማማ ሎሚ ሐሳብ አመጡ።

"ፊቱን ቅቤ ብንቀባውስ? ሠርጋችን ጊዜ ተቀብቶ ከማዶ ነበር የሚታየው።"

ቀቧቸው። ግንባራቸው ብቻ እንደ አምፖል በራ፤ ሌላው እዚያው ጨለማው ውስጥ ቀረ።

በዚህ መሐል የባትሪው ምልክት ቀልቶ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ከማዶ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ዝናቡ ከወረደ አበባው መሬት ነው። ሙሉእመቤት ለልጇ ደወለች።

"ቀይ ካለ አንድ ብቻ ቢያነሳልሽ ነው እማዬ" አለች ቤቴል። "ሰውዬውን ተያቸውና አበባውን አንሺ።"

"አነሳዎታለሁ ብያቸዋለሁ።"

"ተነሥተዋል በያቸው። ካሜራው እንደሆነ ይዘጋል፤ በምን ያውቃሉ?"

ሙሉእመቤት ስልኩን ዘጋች። ዕድሜዋን ሙሉ ዋጋ ሳትቀንስ ኖራለች፤ የተቀደደውን ግን ደህና ነው ብላ ሸጣ አታውቅም።

ሽማግሌው ሚስታቸውን በእጃቸው እየጎተቱ ነበር።

"እሷም ትግባ። ይሄን ቡና የተከለችው እሷ ናት። ምስክር ከሆነ ሁለት ይሁን።"

"ሻሼን ሳልቀይር? አንተ ሰውዬ አብደሃል!"

"ቡናው ሻሽሽን አያይም። ነይ!"

ቆሙ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሙሉእመቤት ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ጣቷን መደመርና መቀነሱ ላይ። ከቀነሰች፣ ዲላ ግድግዳው ላይ አይቶት የማያውቅ አበባ ይወጣል፤ አቶ ወንድይፍራው ከረባታቸውን ይዘው ዝም ይላሉ፤ "እትዬ በረዶ" የሚሏትም ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ከሥሩ ግን ፊት የሌላቸው ሁለት ጥላዎች ይቆማሉ። ከጨመረች ደግሞ የሰብሳቢው ሳቅ ከወዲሁ ተሰማት፤ "እኅት ሙሉእመቤት፣ ከበረዶ ሸሽተሽ በረዶ ይዘሽልን መጣሽ?"

"ተነሣን?" አሉ አባባ ቶሌራ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

"ገና ነው።"

ቅቤው ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ይወርድ ጀመር። እማማ ሎሚ በአውራ ጣታቸው ሊጠርጉላቸው እጃቸውን አነሱ።

"ይሳቅ እንግዲህ" አለች ሙሉእመቤት ለራሷ። ወደ መደመሩ አዞረችና ተጫነች። ሥዕሉ መስታወቷ ላይ ለአፍታ ታየና ካሜራው ጠፋ።

"አሁንስ አለሁ?"

"አሉ አባባ። ሁለታችሁም አላችሁ፤ እማማ ሲጠርጉልዎት ሳይቀር።"

"አበባውስ?"

"አበባው በረዶ ሆነ" አለች ቅር ብሏት። "ነገ ሊስቁብኝ ነው።"

ሽማግሌው ቀና ብለው ቡናቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ያንቺ ኮሚቴ በረዶ ይወድ የለ? በያቸው፣ ይሄኛው በረዶ ኅዳር ላይ ይለቀማል።"

ሙሉእመቤት ሳቀች። ለነገው ስብሰባ የሚሆናትን መልስ ይዛ፣ ካሜራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ሲጠብቃት ወደቆየው ሞተር አመራች። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ቅጠሉን መምታት ጀምረዋል። ልትወጣበት ስትል ቆም አለችና ዞረች፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

"አባባ፣ ዲላ ሲወርዱ ገበያ ይምጡ። ለእማማ ሎሚ ሻሽ የምትሸጥ አንዲት ግትር ሴትዮ አውቃለሁ።"

አባባ ቶሌራ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት፤ ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ፣ ከዚያ እንደገና እሷን።

"እሷ አትቀንስም እኮ!"

"ትቀንሳለች" አለች ሙሉእመቤት ሞተሩ ላይ እየወጣች። ሞተረኛው ሊነዳ ሲል ትከሻውን ያዝ አድርጋ አስቆመችውና ጨመረችበት፤ "ትንሽ!"