የሩብ ዋት ሚዛን

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። አንሶላ ታቅፌ ከመኝታ ቤት ስወጣ ባለቤቴ ፒጃማው ላይ ኮቱን ደርቦ ሬዲዮው ፊት ተቀምጧል። ቀና ሳይል፣ "አንሶላውን አስቀምጪና ጉንጭሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር በማለዳ ከተናገረኝ ብዙ ዓመት ስለሆነው ደንገጥ አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ጥግ ላይ ሽቦ ይልጥ ነበርና፣ "ልውጣላችሁ እንዴ ጋሼ?" አለ።

"ቁጭ በል፣ ምስክር ያስፈልገኛል" አለው።

ባለቤቴ ሚዛን ጠጋኝ ነበር። የሱቅ፣ የሥጋ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት ሚዛን ሲያብል እሱ ዘንድ ይመጣል። ሰፈሩ "ግራሙ" ነው የሚለው፤ እኔም ስናደድ ግራሙ እለው ነበር። ከሥራ መልስ ያለው ደስታ ደግሞ ያ የሬዲዮው ጠረጴዛ ነው። ፈቃድ ያለው የአማተር ሬዲዮ ሰው ነበር፤ በገዛ እጁ በሠራት አስተላላፊ፣ በሞርስ ፊደል፣ በነጥብና በሰረዝ፣ ዓይቷቸው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጨዋወታል። ከሁሉም የሚወደው ከባሕሩ ማዶ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነው፤ በወጣትነቱ የመርከብ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረ፣ ነገረኛና ቀልደኛ።

ሁለቱ አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ሌላው የሬዲዮ ሰው ጉልበት ሲጨምር እነሱ ይቀንሳሉ። አንዱ በሆነ ኃይል ባሕሩን ከተሻገረ ሌላው በግማሹ መሻገር አለበት። "ጮኾማ ማንም ይሰማል፤ ቁም ነገሩ ሹክ ብሎ መሰማት ላይ ነው" ይለኝ ነበር ባለቤቴ። እንዲህ ሲወርዱ፣ ሲወርዱ፣ ሽማግሌው በግማሽ ዋት ተሻገረ። ተራው የእኛ ሆነ፤ ሩብ ዋት። የኪስ ባትሪ አምፖል እንኳ ከዚያ በላይ ይበላል።

ዳኛ የላቸውም። "ይህን ያህል ነው ያወጣሁት" ያለ ሰው ይታመናል፤ በቃ።

ችግሩ ባለቤቴ ሰኞ ሆስፒታል ሊገባ መሆኑ ነበር። ሳንባው ነበር። ሐኪሙ ብዙ ሳይደብቅ ነግሮናል፤ እሱም ያን ቀን ማታ እግሩን እየታጠበ፣ "ከገባሁ ወዲያ እዚህ ወንበር ላይ መመለሴን እንጃ፤ ሩቧን ግን ሳልጨርስ አልሄድም" ብሎኛል። ሳል እንደሌለበት ሰው ነው ያለው። ከሽማግሌው ጋር የተቀጠሩት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል፣ ሞገዱ ባሕሩን አይሻገርም፤ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ወንድሜ የዳቦ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የዚያን ዕለት በጠዋት የመጣው የሠራውን መለኪያ ይዞ ነበር። አንቴናውን ነቅሎ በምትኩ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር አሰረ፤ ወደ ሰማይ ይሄድ የነበረው ጉልበት እዚያች ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በጎኗ፣ ጉልበቱን ለቆጣሪ እንዲመች በምትቀይር ዳዮድ በምትባል ቅንጣት በኩል፣ ቆጣሪ አገናኘ። ባለቤቴ የሞርሱን ቁልፍ ተጭኖ ያዘ፤ መርፌዋ ተነስታ ልክ ሩብ ዋት ላይ ቆመች።

"በለው! ጋሼ፣ ሽማግሌው አለቀለት!" ብሎ ወንድሜ አጨበጨበ።

ባለቤቴ ግን መርፌዋን እንደ ተጠርጣሪ ሰው ያያታል። "ይቺ ዳዮድህ" አለ፣ "ሳትቀምስ የምታሳልፍ አይመስለኝም።"

"ትንሽ ትቀምሳለች። የፀጉር ያህል።"

"እንዲያ ከሆነ የሚወጣው ቆጣሪው ከሚለው ይበልጣላ። ሥጋ ቆራጩም አውራ ጣቱን ሚዛን ላይ ሲያሳርፍ የፀጉር ያህል ነው የሚለው።"

"እሺ፣ የበላችውን ደምርባት።"

"ስንት እንደበላች ማን ነገረኝ? ሌባን 'ስንት ሰረቅህ?' ብለህ ጠይቀህ ሂሳብ ትዘጋለህ?"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ ይኼን ሰውዬ እንዴት ቻልሽው?"

"ጨው በልክ አድርጊ ሲለኝ ነው የባሰው" አልኩት።

ጉንጭ የተፈለገው ይኼኔ ነው። እኔ በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ በካውያ የምተኩስ ነኝ። ካውያው ሐር የሚያቃጥልና የማያቃጥል መሆኑን ጉንጬ አጠገብ አምጥቼ አውቃለሁ፤ የቆዩት ሴቶች ናቸው ያስተማሩኝ። ባለቤቴ በዚህ ሁልጊዜ ይገረም ነበር። ለካስ ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል።

ከአንድ ከረጢት የወጡ መንታ ሬዚስተሮች አዘጋጀ። አንደኛዋን ከአስተላላፊው ጋር አሰራት። ሁለተኛዋን ከባትሪ ጋር። "የባትሪን ጉልበት ሞኝም አይስተውም፤ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው" አለና እየለካ ልክ ሩብ ዋት ላይ አቆማት። ከዚያ ከጓሮ አንድ መርፌው የተሰበረ የሱቅ ሚዛን አመጣ፤ መንቶቹን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ በግራና በቀኝ ሳህኖቹ ላይ አስቀመጠ።

"የማይታወቀውን ከሚታወቀው ጋር ማስተያየት ነው፤ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ይኼንኑ ነው" አለኝ። "መርፌዋ አንቺ ነሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ።"

ጨፈንኩ። ቁልፉን ተጭኖ ያዘ፤ ሙቀቱ እስኪረጋ ጠበቅን። ጎንበስ ብዬ ግራውን በጉንጬ ነካሁ፤ ከዚያ ቀኙን።

"ግራው ይሞቃል።"

"በጣም?"

"የጥጥ ካውያና የሱፍ ካውያ የሚለያዩትን ያህል።"

ሳህኖቹን ሲያለዋውጥ ሰማሁ። "አሁንስ?"

"አሁን ቀኙ።"

ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ ቆጣሪውን እያሻሸ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የሞቀው የአስተላላፊው ነው። መርፌዋ ሩብ እያለች ከሩብ በላይ ይወጣ ነበር።

"ጋሼ፣ ለነፍስህ ስትል" አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ቀልዱን ትቶ ነበር። "አራት ሰዓት ሊሆን ነው። በዚህችም ቢሆን መሰማቷን እግዜር ያውቃል። ቀንሰህ ሳይሰማህ ቢቀርስ? ሰኞ እኮ…"

ባለቤቴ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። "በተጭበረበረ ሚዛን ከምሸጥ" አለ፣ "ሱቁን ብዘጋ ይሻለኛል።" ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር።

ቁልፉ አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ በጥፍሩ ገፋት። ነካሁ፤ አሁንም ይሞቃል። ገፋት። ጠበቅን። ነካሁ።

"አንድ ናቸው።"

አለዋወጣቸው። "አሁንስ?"

"አንድ ናቸው አልኩህ እኮ! ጉንጬ ላይ ጠባሳ ልታወጣልኝ ነው?"

"እንደ ድሮው ሳም አድርጋት ጋሼ" አለ ወንድሜ። ሳመኝም፤ ሙቁ ጉንጬ ላይ፣ ወንድሜ ፊት።

ሬዚስተሯን ፈትቶ አንቴናውን መልሶ ሰካ። ጆሮ ማዳመጫውን ከሬዲዮው ነቅሎ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። አራት ሰዓት ሲሆን ሽማግሌውን ጠራ። ሹሹሹ የሚል ብቻ። ደግሞ ጠራ። ወንድሜ መስኮት ላይ ሄዶ ቆመ። ባለቤቴ ከቁልፉ ላይ እጁን አላነሳም፤ ወንዝ ዳር መንጠቆ እንደጣለ ሰው ነበር የተቀመጠው። በሦስተኛው፣ ከሹሹታው ስር፣ ቀጭን ፉጨት መጣች።

"እሱ ነው" አለ። "ግማሹን ነው የሰማኝ። ድገም ይላል።"

ደገመ። ሽማግሌው መለሰ። ነጥብና ሰረዙን ወዲያው ወዲያው ይተረጉምልን ነበር። "'ትንኝ ትመስላለህ' ይለኛል። 'ስንት ነው?' ይላል።"

"በለው!" አለ ወንድሜ።

ባለቤቴ "ሩብ" ብሎ መታ። ሽማግሌው፣ "በምን ለካኸው?" ሲል ጠየቀ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየት አደረገና ቀስ እያለ መታ።

"ምን አልከው?" አልኩት።

"'በሚስቴ ጉንጭ' ነዋ።"

ከዚያ አራት ነጥብ፣ አስከትሎም ሁለት ነጥብ መጣ። የሬዲዮ ሰዎች ሳቅ እሷ ናት፤ ያን ቀን ነው ያወቅኳት። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ሳቀ፤ ባለቤቴም እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ አስተላላፊውን አጥፍቶ ኮቱን አወለቀና፣ "በይ፣ ቁርስ" አለ። ምሳ እስኪደርስ ሲያፏጭ ነበር።

ሰኞ ሆስፒታል ገባ፤ እንደ ፈራውም ወደዚያ ወንበር አልተመለሰም። ወንድሜ ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር፣ "ዳዮድህ ደህና ናት?" ይለው ነበር።

የሞርሱን ፊደል ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ለብቻዬ ተማርኩ፤ መጀመሪያ የገባችኝ ሳቋ ናት። የፈቃድ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከሽማግሌው ጋር እንገናኛለን። እሱም ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ "ጉንጭ ስለሌለኝ በቴርሞሜትር ነው የምለካው" ይላል። በሩቡ ግማሽ፣ በዋት አንድ ስምንተኛ፣ ለመሻገር ተራው የእሱ ነው፤ እስካሁን አልቻለም።